«ትንሽ ያየኝና ፊቱን ያዞራል»፦ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ልጆችና ቀልባቸው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው። ቀናቸው ሳይደርስ ስለተወለዱ ልጆች። እናትም፣ አባትም፣ አያትም የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው፤ ልጃችን ልብ ይላል ወይ? ያየናል ወይ? ነገ ትምህርት ቤት ሲገባ ቀልቡን ሰብስቦ ይቀመጣል ወይ? ስለዚህ የዛሬውን ገጽ ለእነሱ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የልጆቹንም ስም ሳልጽፍ ትቻለሁ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ወንዱ ልጄ የተወለደው በ30 ሳምንቱ ነው። ማሞቂያ ክፍል ከአንድ ወር በላይ ቆይቷል። አሁን አምስት ወር ሞላው። የጎረቤቴ ልጅ እኩያው ናት። እሷ ሰው ባየች ቁጥር ትስቃለች፣ የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይኗ ትከተላለች። የኔ ግን ትንሽ ያየኝና ፊቱን ያዞራል። ሳጫውተው ያዛጋል፣ ስቅ ይለዋል። አማቴ «ይሄ ልጅ ሰው አይወድም» ይላሉ። እኔ ማታ ማታ እያለቀስኩ ነው የማድረው። አእምሮው ተነክቶ ይሆን?

እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን እናስተካክል። የጎረቤትሽ ልጅ እኩያው አይደለችም። እርግዝና 40 ሳምንት ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ሁሉ ያለጊዜው የተወለደ ይባላል። ያንቺ ልጅ በ30 ሳምንት መጣ፣ ማለትም 10 ሳምንት ቀድሞ። አምስት ወር ማለት ወደ 22 ሳምንት ነው። ከዚያ ላይ 10 ቀንሺ። 12 ሳምንት ይቀራል። ስለዚህ ልጅሽን ስታዪው ሦስት ወር ሊሞላው እንደተቃረበ ሕፃን አድርገሽ ነው ማየት ያለብሽ። ሐኪሞች ይህን «የተስተካከለ ዕድሜ» ይሉታል፤ ሁለት ዓመት እስኪሞላውም ዕድገቱ የሚለካው በዚህ ነው። ክትባት ላይ ግን ይህ ሂሳብ አይሠራም። ክትባት በተወለደበት ቀን ነው የሚቆጠረው፤ «ገና ትንሽ ነው» ብለሽ እንዳታዘገዪበት።

አሁን ወደ ዓይኑ እንምጣ። አዲስ የተወለደ ሕፃን ጥርት አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው። ጡት ሲጠባ በሱና በእናቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው። ከሁሉ በላይ ቀልቡን የሚስበው የሰው ፊት፣ ቀጥሎም ጥቁርና ነጭ የተለየበት ነገር ነው። ከዚያ በአንደኛውና በሁለተኛው ወር ገደማ ወላጅ ግራ የሚጋባበት ነገር ይመጣል። ሕፃኑ አንድ ነገር ላይ ዓይኑን ይተክልና መንቀል ያቅተዋል። አምፖል ላይ፣ መስኮት ላይ፣ የመጋረጃ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ዓይንን ከአንዱ ነገር አንስቶ ወደ ሌላው የሚወስደው የአእምሮ ክፍል ገና እየተሠራ ስለሆነ ነው። ሦስትና አራት ወር ላይ ይለቀዋል። ያን ጊዜ በራሱ ፈቃድ ያያል፣ በራሱ ፈቃድም ይተዋል።

ስለዚህ ፊቱን ማዞሩ ራሱ አንድ እርምጃ ነው። ባንቺ ልጅ ላይ ደግሞ ሌላ ትርጉም አለው፤ «ደከመኝ፣ ትንሽ ልረፍ» ማለቱ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ አእምሮ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲመጣበት ቶሎ ይሞላል። ድምፅ፣ ብርሃን፣ የሚንቀሳቀስ ፊት፣ መንካት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆንበት አይችለውም። ማዛጋቱ፣ ስቅታው፣ ማስነጠሱ፣ ጣቶቹን መዘርጋቱ፣ ወደ ኋላ መለጠጡ፣ የቆዳው መልክ መለዋወጡ፣ እነዚህ ሁሉ የድካም ምልክቶች ናቸው። ረሃብ ወይም ሆድ ቁርጠት ይመስላሉ፤ ብዙ እናቶችም እንደዚያ ተረድተው ይበልጥ ማወዛወዝ፣ ይበልጥ ማናገር፣ ይበልጥ ማጫወት ይጀምራሉ። ልጁ ይብሳል። አንቺ ዝም በዪ። ፊትሽን ከሱ ሳታርቂ ድምፅሽን አጥፊ፤ እጅሽን ደረቱ ላይ አድርገሽ ጠብቂው። እንደገና ዓይኑን ወዳንቺ ሲመልስ ያኔ በለሆሳስ አናግሪው። ከሁሉም የምመክርሽ ይህንን ነው፤ እሱ ሲመለስ ነው ጨዋታው የሚጀመረው።

አንድ አንድ ነገር ብቻ ስጪው። ስታናግሪው አትነቅንቂው። አሻንጉሊት ስታሳዪው አትዝፈኚለት። ከእንቅልፍ ነቅቶ፣ ጠግቦ፣ እጅና እግሩ ረጋ ብሎ ዓይኑ ሲበራ፣ ያቺ ናት ሰዓቷ። በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ በቂው ነው።

አማትሽን ደግሞ አትቀየሚያቸው። እሳቸውም ፍቅር ሆኖባቸው ነው። ግን አንድ ነገር ለሁላችሁም ልንገራችሁ። ሕፃን ልጅ ከሰው ዓይን እንዲጠበቅ ተብሎ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ማዋል፣ የአራስ ቤቱን ቀን ሙሉ ማጨለም፣ በእኛ አገር የተለመደ ነው። ሕፃን የሚያየው ፊት ይፈልጋል። ቀን ቀን ብርሃን ይግባ፣ ፊቱ ይገለጥ፣ ማታ ይጨልም። እንግዳ እንዳይበዛበት ማድረጉ ግን ጥሩ ልማድ ነው፤ እሱን አጥብቃችሁ ያዙት፣ ኢንፌክሽንም ይቀንሳል።

አሁን ግን ቀልድ የሌለበት ነገር ልጠይቅሽ። የዓይን ምርመራ ተደርጎለታል? ማሞቂያ ክፍል ስለቆየ ብቻ የሚደረገውን ማለቴ አይደለም፤ የዓይን ሐኪም ጠብታ ጨምሮ የዓይኑን ጀርባ፣ ሬቲናውን፣ ያየበትን ነው። ቀድመው የተወለዱ ልጆች የሬቲና የደም ሥር ሳያልቅ ስለሚወለዱ፣ በተለይ ኦክስጅን ሲሰጣቸው፣ የደም ሥሩ አበቃቀል ሊዛባ ይችላል። ምርመራው የሚጀመረው ከተወለዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በጊዜው ከተደረሰበት በሌዘር ወይም በመርፌ ይታከማል፤ ካለፈ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ካልተደረገለት ይህን አንብበሽ እንደጨረስሽ ነገ ጠዋት ውሰጂው። የጆሮ ምርመራንም በዚያው ጠይቂ፤ የማይሰማ ልጅ ሲጠሩት ልብ የማይል ይመስላል።

መቼ ነው መስጋት ያለብሽ? የሕፃን ፈገግታ የሚጠበቀው ከመውለጃው ቀን በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው፤ መውለጃ ቀን የምልሽ ሐኪሙ የቆጠረልሽን ቀን እንጂ የወለድሽበትን አይደለም። በተስተካከለ ዕድሜው ሦስት ወር ሞልቶት ፊትሽን ጨርሶ የማያይ፣ በዝግታ የሚሄድ ነገር በዓይኑ የማይከተል፣ ዓይኑ ያለማቋረጥ የሚንቀዋለል፣ ወይም ለከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ ከሆነ ቀጠሮ አትጠብቂ። አንቺ የጻፍሽልኝ ልጅ ግን «ትንሽ ያየኝና» ብለሻል። ያያል ማለት ነው።

ጥያቄ

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጃችን በ26 ሳምንት ተወለደች፣ አሁን 14 ወሯ ነው። አንድ አሻንጉሊት ከያዘች ለረጅም ጊዜ ፍጥጥ ብላ ታየዋለች። ባለቤቴ «ትኩረቷ እንዴት ደስ ይላል፣ ምሁር ነው የምትሆነው» ትላለች። ቤት የምትመጣልን ቴራፒስት ግን ብዙም ደስ ያላት አይመስለኝም፤ ከዕቃው ወደ እኛ ታያለች ወይ እያለች ደጋግማ ትጠይቃለች። ማንኛቸው ናቸው ትክክል?

አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ

ወንድሜ፣ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፤ ቴራፒስቷ የምትጠይቀው ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ነው።

ለረጅም ጊዜ ማየት ሁልጊዜ ጥሩ ትኩረት ማለት አይደለም። ትልቅ ሰው ላይ እንደዚያ ነው፤ ሕፃን ላይ ግን የተለየ ነው። ሕፃን አዲስ ነገር ሲያይ አእምሮው ያንን ነገር ይመዘግባል። መዝግቦ ሲጨርስ ይሰለቸውና ወደ ሌላ ያልፋል። ቶሎ የሚመዘግብ ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ አየት አድርጎ ወደ ሌላ የሚያልፍ ሕፃን ብዙ ጊዜ ፈጣኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሱዛን ሮዝና ባልደረቦቿ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በ5፣ በ7 እና በ12 ወራቸው ቀናቸው ደርሶ ከተወለዱት ጋር አነጻጽረዋል። ቀድመው የተወለዱት ዕይታቸው ረዘም ያለ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩበት ፍጥነት ዘገም ያለ ሆኖ ነው የተገኘው። ለአንድ ፊት ለመልመድም ብዙ ጊዜ ፈልገዋል። ማወቁን ያውቁታል፣ ጊዜ ይፈልጋሉ እንጂ። እኔ ይህንን ሳነብ ዘወትር የሚታየኝ ወላጆች ምን ያህል እንደሚቸኩሉ ነው፤ አሳየናት፣ አላየችም፣ ሌላ እናሳያት። ልጅቷ የመጀመሪያውን ገና እያየች ነው።

ዕድሜዋን እናስተካክል። 14 ሳምንት ቀድማ መጥታለች፤ እሱን ስትቀንስ 11 ወር ገደማ ናት። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቀው ዋናው ነገር ዕቃ ላይ ማፍጠጥ ሳይሆን ዕቃውን ከሰው ጋር መካፈል ነው። ኳሱን ታያለች፣ ከዚያ አንተን ታያለች፣ እንደገና ኳሱን። «አባ፣ አየኸው?» እያለችህ ነው በዓይኗ። አንተ ወደ መስኮት ስትዞር እሷም ትዞራለች። ቀጥሎ ወደ ዓመቷ አካባቢ ጣቷን ትቀስራለች። ቋንቋ የሚበቅለው እዚህ ላይ ነው፤ አንተ «ወፍ» ስትል እሷ ወፏን እያየች ካልሆነ ቃሉ የት ይጣበቅ? ቴራፒስቷ ዓይኗን የምታጠናው ለዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ምን አድርግ? እሷ ወደምታየው ነገር አንተ ሂድ። አሻንጉሊቱን ቀምተህ ሌላ አትስጣት። ወለሉ ላይ ፊት ለፊቷ ቁጭ በል፤ የያዘችውን ነገር ስም ጥራ፣ ዝም በል፣ እሷ እስክታይህ ቆይ። ዝምታው ይረዝምብሃል። አምስትም አስርም ሰከንድ ይሁን፣ ጠብቅ። ስታይህ ፊትህ ይብራ። አማርኛ አናግራት፤ «እንግሊዝኛ ይቅደም፣ ሁለት ቋንቋ ያምታታታል» የሚሉህን አትስማ። ሁለት ቋንቋ ልጅን ቀልበ ቢስ አያደርግም፤ አንተም ለልጅህ ልብህ የሚከፈተው በአማርኛ ይመስለኛል።

አሜሪካ ለምትኖሩ ሌሎች ወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር። ከልደት እስከ ሦስት ዓመት ያሉ ልጆች ዕድገታቸው ካሳሰባችሁ የየስቴቱን የ«ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» (ለሕፃናት ዕድገት በጊዜ የሚሰጥ ድጋፍ) ፕሮግራም ራሳችሁ ደውላችሁ ግምገማ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሐኪም ወረቀት የግድ አይደለም። ግምገማው በነጻ ነው። አስተርጓሚም ጠይቁ። አንዳንድ ዘመዶቻችን «ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል» ብለው ይፈራሉ። አትፍሩ። ልጅቷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት የምታገኘው እርዳታ በኋላ በብዙ ልፋት የሚገኝ አይደለም።

ጥያቄ

የልጄ ልጅ በስምንተኛው ወር፣ በ34 ሳምንት ነው የተወለደው። ሲወለድ አገር ቤት ያሉ ሰዎች «የሰባት ወር ያድጋል፣ የስምንት ወር አያድግም» ብለው አስለቀሱኝ። ተመስገን፣ አራት ዓመቱ ነው። ግን የጋን (የመዋዕለ ሕፃናት) አስተማሪዋ «ይፈዛል፣ ክብ ሆነን ስንቀመጥ እሱ ሌላ ቦታ ነው» ትላለች። አይረብሽም፣ አይሮጥም፣ ጨዋ ነው። ሲጠሩት ግን ሦስት ጊዜ ነው። አባቱ «ሆን ብሎ ነው» ብሎ ይቆጣዋል። ኤ ዲ ኤች ዲ የሚሉት የትኩረት ችግር ይሄ ነው እንዴ?

አያት፣ ከነታንያ፣ እስራኤል

መልስ

እማማ፣ በመጀመሪያ ያ አባባል ስህተት ነው። በእናቱ ማሕፀን አንድ ቀን የጨመረ ልጅ ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ የስምንት ወሩ ልጅ ከሰባት ወሩ የተሻለ ዕድል አለው። ያስለቀሱዎት በከንቱ ነው።

ሐኪም ቤት ግን 34 ሳምንት የሞላውን ልጅ «ደርሷል» ብለው ቶሎ ወደ ቤት ይሸኙታል፤ ከዚያ ብዙ ጊዜ ክትትል አይደረግለትም። እዚህ ላይ ነው ቅር የሚለኝ። በ34 ሳምንት የሕፃን አእምሮ ክብደት ቀኑ ደርሶ ከሚወለደው ሕፃን አእምሮ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ብቻ ነው። ቀሪው አንድ ሦስተኛ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳምንታት ነው የሚመጣው። የልጅ ልጅዎ ያንን ዕድገት ከማሕፀን ውጭ፣ በብርሃንና በጫጫታ መካከል ነው የጨረሰው። አብዛኞቹ በደህና ይወጡታል። አንዳንዶቹ ላይ ግን አራት አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ መቀመጥና ማዳመጥ ሲጠየቅ፣ ትንሽ ነገር ብቅ ይላል።

ኤ ዲ ኤች ዲ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ግድግዳ የሚወጣ ልጅ ነው። ቀድመው የተወለዱ ልጆች ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ፈዛዛው ዓይነት ነው፤ ጸጥ ብሎ ቀልቡ የሚሄድ ልጅ። ስለማይረብሽ ማንም ልብ አይለውም። አስተማሪዋ ልብ ማለቷ መልካም ሴት ብትሆን ነው።

በብሪታንያና በአየርላንድ በ1995 እ.ኤ.አ. ከ26 ሳምንት በፊት የተወለዱ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ኤፒኪዩር የተባለ ትልቅ ጥናት አለ። ልጆቹ 11 ዓመት ሲሞላቸው ከመቶ 11 ወይም 12ቱ ኤ ዲ ኤች ዲ ተገኝቶባቸዋል፤ ቀናቸው ደርሶ ከተወለዱት የክፍል ጓደኞቻቸው ደግሞ ከመቶ 3ቱ ገደማ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ነገር ግን ከእነዚያ እጅግ ቀድመው ከተወለዱት ልጆች እንኳ ከመቶ 88 የሚሆኑት አልነበረባቸውም። የእርስዎ ልጅ በ34 ሳምንት ነው የተወለደው፤ ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር ስጋቱ ይቀንሳል። በደብዳቤ ደግሞ በሽታ አይታወቅም፤ ከአራት ዓመት በፊት ሐኪሞችም ይህን ስም ለመስጠት አይቸኩሉም።

አሁን መደረግ ያለበት ይህ ነው። ጆሮው ይታይ፣ ሦስት ጊዜ የሚጠራ ልጅ መጀመሪያ ጆሮው ነው የሚታየው። ከጉንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ውኃ ተጠራቅሞ መስማት ሊቀንስ ይችላል። ዓይኑም ይታይ። ደሙ ይመርመር፦ ሕፃን የብረት ማዕድን ክምችቱን የሚያገኘው በእርግዝና መጨረሻ ወራት ነው፤ ቀድሞ የተወለደ ክምችቱን ሳይሞላ ይመጣል፣ የብረት እጥረት ደግሞ ቀልብን ያደክማል። ሌሊት ያንኮራፋል ወይ? አፉን ከፍቶ ይተኛል? እንቅልፉ የተቆራረጠ ልጅ ቀን ይፈዛል። ይህን ሁሉ ለጢፓት ሐላብ (ለሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርሷ ወይም ለልጆች ሐኪሙ ይንገሩ፤ ኩፓት ሆሊሙም (የጤና መድን ድርጅታችሁም) ወደ ልጆች ዕድገት ማዕከል እንዲልካችሁ ልጅዎና ምራትዎ ይጠይቁ። ወረፋው ይረዝማልና ዛሬ ይመዝገቡ።

አባትየውን ደግሞ እርስዎ ነዎት የሚያናግሩት፤ እናት ስትናገር ይሰማል። ልጁ ሆን ብሎ አይደለም። «ጫማህን አድርግ፣ ቦርሳህን ያዝ፣ ለአክስትህ ሰላም በል» ሲባል ከሦስቱ የመጀመሪያው ብቻ ነው የሚገባለት፤ ሌላው ይፈስበታል። አጠገቡ ይሂድ፣ ዝቅ ብሎ ትከሻውን ይንካው፣ ዓይኑን ሲያገኝ አንድ ነገር ብቻ ይንገረው። ሲፈጽም ያመስግነው። ከዚያ ሁለተኛውን። መጮህ የሚያስተምረው መደንገጥን ነው፤ የደነገጠ ልጅ ደግሞ ጨርሶ አያዳምጥም። በዚህ ዕድሜ ኤ ዲ ኤች ዲ መኖሩ ቢረጋገጥ እንኳ የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒት ሳይሆን ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና ነው።

እርስዎም ድርሻ አለዎት። ተረት ይንገሩት። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ጭንዎ ላይ ይቀመጥ፣ «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ይበልዎ። ሲሰለቸው ያሳጥሩት፣ ነገ ትንሽ ያስረዝሙት።

ጥያቄ

ከወለድኩ ስምንት ቀኔ ነው፤ በ31 ሳምንት። ልጄ እዚህ ሐዋሳ ማሞቂያ ውስጥ ናት። ነርሶቹ ራቁቷን ደረትሽ ላይ ታቀፊያት ይሉኛል። እኔ እፈራለሁ፤ በጣም ትንሽ ናት፣ ማሽኑ አይሻላትም? ለአእምሮዋስ ይጠቅማል?

መልስ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። ነርሶቹን ስሚያቸው።

ይህ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ፣ ማሞቂያ ማሽን አልበቃ ሲል ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ነው የጀመረው። ማሽን ስለጠፋ የተጀመረ ነገር ዛሬ ማሽን ሞልቶ በተረፈበት አገርም ይደረጋል፤ ምክንያቱም ይሠራል። እኛም አገር አዲስ አበባ ውስጥ ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ያደረጉት ጥናት በ2005 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከተወለዱ በኋላ ቶሎ እናታቸው ደረት ላይ የተደረጉት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከተወለዱ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይመክራል። ራሷን ችላ መተንፈስ የማትችል ወይም በጠና የታመመች ካልሆነች በስተቀር።

ስለ አእምሮዋ ጠይቀሻል። እስራኤል ውስጥ ሩት ፌልድማን የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ያደረገችው ጥናት አለ። እናቶች ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆቻቸውን በቀን አንድ ሰዓት፣ ለ14 ቀን ገላ ለገላ ታቀፉ። ሌሎቹ ልጆች ማሞቂያ ውስጥ በተለመደው እንክብካቤ ቆዩ። ከዚያ ልጆቹን ተከታተሏቸው። የታቀፉት በሕፃንነታቸው እንቅልፋቸው የተስተካከለ፣ ነገሮችን ለመመርመር የሚቆዩበት ጊዜ የረዘመ ሆነ። አሥር ዓመት ሲሞላቸውም እንቅልፋቸውና ራሳቸውን የመቆጣጠር ችሎታቸው የተሻለ ነበር። አንድ ሰዓት ነው፣ እህቴ። አንቺ ከዚያ በላይ ማድረግ ትችያለሽ።

ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ አድርጊላት፣ ካልሲም ይሁን። ደረትሽ ላይ ቀጥ አድርገሽ፣ እግሮቿ እንደ እንቁራሪት ታጥፈው፣ ጭንቅላቷ ወደ ጎን፣ አፍንጫዋ ነጻ። በነጠላ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪያት። በዚያች ሰዓት ብዙ አታናግሪያት፤ ትንፋሽሽና የልብሽ ምት ይበቃታል። ስልክሽ ድምፅ አያሰማ። አስታማሚዎችም ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብለው እንዳያወሩ ነርሶቹን ለምኚ፤ የማሞቂያውን ክዳን ድቅ ማድረግም ውስጥ ላለችው ከባድ ድምፅ ነው። ስትደክሚ አባቷ ይረከብሽ። የወንድ ደረትም ያሞቃል፤ «ለወንድ ነውር ነው» የሚል ካለ እዚህ ጽፋለች በዪው።

እቤት ስትገቡ ደግሞ ቅቤ እንዳታስውጧት፤ እንጥልም እንዳታስቆርጡ። የናትሽን ልብ ሳትሰብሪ፣ ግን እምቢ በዪ። የብረት ጠብታ ከታዘዘላት ሳታቋርጪ ስጪያት። የዓይን ምርመራዋንም ቀን ካሁኑ ጠይቀሽ ጻፊ፤ ከላይ ለአዲስ አበባዋ እናት የጻፍኩትን አንብቢ።

ጥያቄ

ልጄ በ32 ሳምንት ተወልዶ አሁን ዘጠኝ ወሩ ነው። ለምንም ነገር ቀልብ የለውም፤ ስልክ ላይ ካርቱን ስከፍትለት ግን ግማሽ ሰዓት ዓይኑን አይነቅልም። ትኩረቱን ያዳብርለታል ብዬ ልቀጥል?

መልስ

አትቀጥይ። ስክሪን በየሰከንዱ እየተለዋወጠ ዓይኑን ይይዘዋል እንጂ እሱ ዓይኑን እየመራ አይደለም። ትኩረት የምንለው እሱ ራሱ መርጦ ማየቱንና መርጦ መተውን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዓመት ላልሞላው ልጅ ምንም ስክሪን አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉትም ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይሆን ይላል። ከዘመድ ጋር በቪዲዮ ማውራት ሌላ ነገር ነው፤ አያቱ ዱባይ ካሉ ይያቸው።

ካርቱኑን ስትዘጊበት ሁለት ሦስት ቀን ያለቅሳል። የማንኪያና የኩባያ ድምፅ፣ ክዳን ያለው ባዶ ዕቃ፣ አኩኩሉ፣ ፊትሽ፣ እነዚህን ስጪው። መጀመሪያ ግማሽ ደቂቃ ብቻ ይቆይ ይሆናል። በተስተካከለ ዕድሜው ሰባት ወሩ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቂበት። ስሙን ስትጠሪው በዓመቱ እንኳ የማይዞር ከሆነ፣ ወይም ያደርግ የነበረውን ነገር እየተወ ከመጣ ግን ለሐኪሙ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ።